ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት ሰዓት ሠሪ ፈልጉ!

ዛሬ ስለ ሰዓት እናውጋ። «ሞባይል በየኪሳችን እያለ ደግሞ የምን ሰዓት!» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ጊዜ ለማወቅ ብቻ ከሆነ ስልክ ይበቃል። ግን እስቲ እንተማመን፤ ሰው እጁ ላይ ሰዓት የሚያስረው ጊዜ ለማወቅ ብቻ ነው? የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ስትቀበሉ፣ ቀለበት ልታስሩ ስትሉ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ባዶ እጃችሁን አይታችሁ ቅር አላላችሁም?

አሁን አሁን ደግሞ የወጣቱ ወሬ ሁሉ «ኦቶማቲክ» ሆኗል። ባትሪ የማይፈልግ፣ እጅ ሲወዛወዝ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ማለት ነው። እኔንም ይኸው ፍቅር ይዞኝ ነበር። ታዲያ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔም አፍስሼ ለቀምኩ። እናንተ እንዳታፈሱ ነው ይህን መጻፌ።

የቆርቆሮው ገንዘብ

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ዕቁብ ወጣልኝ። ሥራ ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ገንዘቡ አስቀድሞ ሥራ ተቆርጦለታል፤ የእናቴ ማድቤት ቆርቆሮ ዝጎ ወንፊት ሆኗል፣ እኔም «ክረምቱ ሳይገባ አስቀይርልሻለሁ» ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ግን ቢሮ ውስጥ አንድ ባልደረባ ነበረኝ። ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ ኦቶማቲክ ሰዓቱን ብልጭ ያደርጋታል። ሴቶቹ ያዩለታል፣ አለቃችን እንኳ «እስቲ ልየው» ይለዋል። እኔስ ከማን አንሼ? አልኩና የዕቁቡን ገንዘብ ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ።

ሻጩ ምላሱ ማር ነው። «የስዊስ ነው ወንድሜ፣ ኦሪጂናል! ባትሪ የሚባል አያውቅም። አንተ ስትራመድ እሱ ይሞላል።» ሰዓቱ ወርቃማ ነው፣ ከበድ ይላል፣ ፊቱ ላይም በትልቁ «ኦቶማቲክ» ተጽፎበታል። ዋጋውን በግማሽ ቀነሰልኝና «ላንተ ብዬ ነው» አለኝ። ከየት ነው የሚያውቀኝ? ያን ዕለት ግን ይህን የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም። የቆርቆሮውን ገንዘብ እጄ ላይ አስሬ ወጣሁ።

አምስት ሳምንት ነገሥኩ። በስድስተኛው ሳምንት ሰዓቱ ቀጥ! ብነቀንቀው፣ እጄን እያወናጨፍኩ ብሄድ፣ አስሬው ባድር… ወይ ፍንክች!

ፒያሳ አንዲት የመስታወት ሳጥን ይዘው በረንዳ ላይ የሚሠሩ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጀርባውን ከፈቱ። ትንሽ ዝም አሉና በወረንጦ አንዲት ክብ ነገር አንሥተው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ባትሪ ነው የጎረሰው።»

«አባባ፣ ኦቶማቲክ ነው! ይኸው ፊቱ ላይ ተጽፏል።»

«እሱማ ጽሑፍ ነው። እኔስ ግንባሬ ላይ ‹ሃያ ዓመት› ብዬ ብጽፍ ጎረምሳ እሆናለሁ?»

አዲስ ባትሪ ያስገቡልኝና አስከፍለውኝ ሄድኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ውሃ ገብቶ ውስጡ ዝጓል። ቤት ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል፣ እናቴ ከማድቤቱ ቀዳዳ ሥር ሰፌድና ድስት ደርድራ እንጀራ ትጋግራለች። ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ምጣዱን ከድና ቀና አለችና «እና ይሄ ሰዓትህ ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያባራ ይነግረኛል?» አለችኝ። ወገኖቼ፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆዱ ውስጥ ምን አለ?

ከዚያ ወዲያ ሥራ ስወጣ እኒያ ሽማግሌ ዘንድ ጎራ ማለት ለመድኩ። ከጎናቸው ተቀምጬ ብዙ ተማርኩ። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር፦ ሰዓት በፊቱ አይገዛም፣ በሆዱ ነው የሚገዛው።

የኦቶማቲክ ሰዓት ሆድ ውስጥ ግማሽ ክብ የሆነች ከበድ ያለች ብረት አለች። እጃችሁን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ትዞራለች፣ ስትዞር ሞላውን ትጠመዝዛለች። ሞላው ደግሞ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሳሞቹን ጎማዎች ይነዳል። አንዲት ወዲያ ወዲህ የምትወዛወዝ ጎማ ፍጥነቱን ትቆጣጠራለች። በቃ፣ ይኸው ነው ተአምሩ። ለእጅ ሰዓት የሚሆነውን ይህን ብልሃት እንግሊዛዊው ጆን ሃርውድ እ.ኤ.አ. በ1924 በስዊዘርላንድ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

ባለ ባትሪው ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ የቀረበው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ያወጣውም የጃፓኑ ሲኮ ነበር። ጊዜ በትክክል በመቁጠር ከሆነ ባትሪው ያሸንፋል። ተራ ኳርትዝ በወር 15 ሰከንድ ያህል ቢስት ነው። ኦቶማቲክ ግን ያንኑ 15 ሰከንድ በአንድ ቀን ሊስት ይችላል። ሲኮ ራሱ 4አር36 ለሚባለው ሞተሩ የፈቀደው ልዩነት በቀን ከ45 ሰከንድ መቅደም እስከ 35 ሰከንድ መዘግየት ነው። ስለዚህ ኦቶማቲክ ገዝታችሁ «በሳምንት ሁለት ደቂቃ ቀደመብኝ» ብላችሁ ሻጩን እንዳትከስሱ! ተፈጥሮው ነው።

«ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ልግዛ?» ካላችሁ መልሱ አጭር ነው። በወጉ ከያዛችሁትና የሚጠግነው ካገኛችሁ ዕድሜ ልካችሁን ይሠራል፣ ለልጃችሁም ይተርፋል። ልብ በሉ፣ «የሚጠግነው ካገኛችሁ» ብያለሁ።

ሠሪው ይቅደም

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ የእኒያ ሽማግሌ በረንዳም አብሮ ሄደ። የመስታወት ሳጥናቸውን ተሸክመው ወዴት እንደገቡ ሳላውቅ ወራት ቆየሁ። ስልካቸውን ያለመያዜ ቆጨኝ። ኋላ አንድ የሚያውቃቸው ጫማ አሳማሪ አገናኘንና ዛሬ ሌላ ሰፈር፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተጋርተው ይሠራሉ። በነዚያ ወራት የገባኝ ነገር፣ ሱቁ በሰዓት ሞልቶ ሳለ የሚከፍተው እጅ ግን ጥቂት መሆኑ ነው።

ኦቶማቲክ ሰዓት እንደ መኪና ነው፣ ዘይቱ ይደርቃል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ መገጠም አለበት። እንግዲህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሂዱና ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ «የትኛውን ዓይነት አዘውትረው ይሠራሉ?» ሁለተኛ፣ «ዕቃው ይገኛል?» እሱ በየቀኑ የሚፈታውን ሰዓት የገዛ ሰው አይጨነቅም። እሱ «እንዲህ ያለውን አልነካም» ያለውን የገዛ ግን ጌጥ ነው የገዛው።

ደግሞም ኦቶማቲክ ሁሉ ይጠገናል ማለት አይደለም። ስዋች እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው ሲስተም51 የሚባለው ሰዓት ከ51 ክፍሎች ብቻ የተሠራና የታሸገ ነው፤ ተፈቶ እንዲጠገን ታስቦ አልተሠራም። ደግ ሰዓት ነው፣ ግን ለልጅ የሚወረስ አይደለም። ገዢ ይህን አውቆ ይግዛ።

በትንሽ ገንዘብ የቱን?

ሽማግሌው ሳያቅማሙ የነገሩኝ «ጃፓን ሂድ» ብለው ነው። በመጠነኛ ገንዘብ፣ በየትም አገር ሠሪ በሚያውቀው ሞተር፣ ሦስት ስሞች አሉ።

ሲኮ 5፦ አባቶቻችን «ሲኮ ፋይቭ» የሚሉት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አምስቱ ቁጥር ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ኦቶማቲክ መሆኑን፣ ዕለትና ቀን በአንድ መስኮት ማሳየቱን፣ ውሃ መቋቋሙን፣ ማዞሪያው 4 ቁጥር አጠገብ መሆኑን፣ አካሉና ሰንሰለቱ ጠንካራ መሆናቸውን ይቆጥራል። ለዓመታት በብዛት የተሸጡት 7ኤስ26 የሚባለውን ሞተር ነበር የያዙት፤ ማዞሪያውን በእጅ ብታዞሩት አይሞላም፣ መነቅነቅ ነው ያለባችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የወጡት የስፖርት ዓይነቶች ግን በአብዛኛው 4አር36ን ይዘዋል፤ በእጅም ይሞላል፣ ማዞሪያውን ስትስቡ የሰከንድ ቆጣሪው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ኦሪየንት፦ ይህም የጃፓን ነው፣ ሞተሩን ራሱ ነው የሚሠራው። ለሱፍና ለክራባት የሚሆን ቀጭን፣ ጨዋ መልክ ያለው ሰዓት ለሚፈልግ ሙሽራ እሱን ይይ።

ሲቲዝን፦ ሚዮታ የሚባሉትን ሞተሮች የሚያመርተው ይኸው ድርጅት ነው። ለሌሎች ሰዓት አምራቾችም ይሸጣል።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትልቅ ምሥጢር ናት። ሲኮም ኤን ኤች 35 እና ኤን ኤች 36 የተባሉ ሞተሮችን ለሌሎች ይሸጣል። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሰዓት ቢገጥማችሁ አትናቁት፤ «ሆዱ ውስጥ ያለው የማን ነው?» በሉ። ሻጩ የሞተሩን ስም መናገር ካልቻለ «ደህና ዋል» ብላችሁ ውጡ።

ዋጋ ብትሉኝ በብር አልጽፍላችሁም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቅብኛል። በውጭ ሱቆች የነዚህ ሦስቱ ጀማሪ ዓይነቶች አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 እስከ 350 ዶላር ገደማ ነው። በዚያ መዝኑት። ከዚህ እጅግ ያነሰ «አዲስ የስዊስ ኦቶማቲክ» ያመጣላችሁ ሰው ካለ… የኔን ማድቤት አስታውሱ! ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካለም «ሰዓት» ብቻ አትበሉ፤ የሞተሩን ስም ጽፋችሁ ላኩለት።

ደግሞ ያላችሁን ሁሉ ሰዓቱ ላይ አትጨርሱ። ከአምስት እጅ አንዱን አስቀሩ፤ ለሰርቪስና ለማሰሪያ ይሆናል።

ሱቅ ውስጥ አትፈሩ!

ሻጭ ፊት ማፈር ያከስራል። እነዚህን አድርጉ።

የሰከንድ ቆጣሪዋን እዩ። በየሰከንዱ አንዴ ብቻ ጠብ፣ ጠብ እያለች የምትዘል ከሆነ ባትሪ ነው። ኦቶማቲክ ላይ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ስለምትረግጥ የምትፈስ ትመስላለች። ነገር ግን እንደምትፈስ የምትመስል ባለ ባትሪም አለችና በዚህ ብቻ አትመኑ።

ጀርባው መስታወት ከሆነ ግማሽ ክቧ ብረት ስትዞር ተመልከቱ። ካልሆነ ጆሯችሁ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ወዲያ ወዲህ በሉት፣ ስትዞር ትሰማላችሁ።

ማዞሪያውን ሳቡ፣ ቆጣሪዎቹን አዙሩ፣ ቀኑ መገልበጡን አረጋግጡ።

በእጃችሁ ለኩት። የሰዓቱ ቀንዶች፣ ማሰሪያው የሚገባባቸው ማለቴ ነው፣ ከእጃችሁ ስፋት ወጥተው ከተንጠለጠሉ ትልቅ ነው። ቀጭን እጅ ላይ የግድግዳ ሰዓት ማሰር ፋራነት ነው።

«30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ዋና እንዳትገቡ። እጅ ስትታጠቡ ወይም ካፊያ ሲመታችሁ ይችላል ማለት ነው። ለዋና 100 ሜትር የሚለውን ፈልጉ። ሙቅ ሻወር ግን ለማናቸውም አይበጅም።

«21 ጄውልስ» ስታዩ አልማዝ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ። ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ሰው ሠራሽ ቀይ ድንጋዮች ናቸው፤ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ይረዳሉ። ቁጥሩ በዛ ማለት ሰዓቱ ተሻለ ማለት አይደለም።

ያገለገለ ብገዛስ?

ነውር የለውም። ግን አሮጌ ሰዓት ፊቱ እንደ ሙሽራ ካበራ ተጠራጠሩ። ቀለም ተቀብቶ፣ ስሙ እንደገና ተጽፎበት የሚሸጥ ሞልቷል። ፊደሎቹ ከተንጋደዱ፣ ቀለሙ ከጠርዝ ከወጣ፣ ተዉት። ሲኮ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል፤ ከውስጡ ካለው ጋር መግጠም አለበት። እዚያው ያለው ተራ ቁጥርም ይናገራል። የመጀመሪያው የተሠራበት ዓመት መጨረሻ አሃዝ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። ሻጩ «ዘንድሮ የወጣ» እያለ ቁጥሩ ሌላ ካለ፣ ቁጥሩን እመኑ። ከሁሉም በላይ «ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደን ይከፈትና ሂሳቡን እዚያ ልስጥህ» በሉ። እውነተኛ ሻጭ እሺ ይላል። የኔው ሻጭ ይህን ብለው ኖሮ እንደሚያባርረኝ ዛሬ አልጠራጠርም።

የኛ አቆጣጠርና የነሱ መስኮት

ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ እኔ ልንገራችሁ። የሰዓቱ የቀን መስኮት እስከ 31 ይቆጥራል። የኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በኛ አቆጣጠር ለምትሞሉ፣ ወሩ ባለቀ ቁጥር 31ን አንዴ ገፍታችሁ ወደ 1 ማለፍ አለባችሁ። ጳጉሜንማ ጉድ ነው! አምስት ቀን ሆና ስታልቅ መስኮቱ 6 ይላል፤ ለመስከረም 1 ሃያ ስድስት ጊዜ መግፋት ነው። እኔ እንቁጣጣሽን የምጀምረው በዚህ ነው። ይህን የማይወድ ቀን የሌለበትን ይግዛ።

ሌላም አለ። ቆጣሪዎቹ በቀን ሁለቴ 12 ላይ ይደርሳሉ፣ ቀኑ የሚገለበጠው ግን በአንዱ ብቻ ነው። በኛ ሰዓት የምትጠቀሙ ከሆነ መገልበጡ ንጋት 12 ላይ እንዲሆን አድርጋችሁ ሙሉት፤ አለበለዚያ አመሻሹ ላይ ነገን ያሳያችኋል። ደግሞም ቀኑን በማዞሪያው በፍጥነት ስታስተካክሉ ጥርሶቹ ሊገለብጡት ተጠግተው ባሉበት ጊዜ፣ በዚህ አሞላል ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ፣ አትንኩት። ጥርሱ ይሰበራል። ከጠረጠራችሁ ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት አዙራችሁ ቀኑ እንደተገለበጠ 6 ላይ አውርዷቸው፣ ያኔ ቀኑን አስተካክሉ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን።

ከገዛችሁ በኋላ

ሙሉ ሞላ 40 ሰዓት ያህል ይይዛል። ዓርብ ማታ ያወለቃችሁት እሁድ ከሰዓት ቆሞ ብታገኙት አልተበላሸም፣ ርቦት ነው። ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ማግኔት ይዞት ይሆናል፤ ድምፅ ማጉያና የስልክ ሽፋን ማግኔት አጠገብ አታሳድሩት። ሠሪ ዘንድ ያለ ትንሽ መሣሪያ በደቂቃ ይፈታዋል። ሚስማር ስትመቱ፣ ኳስ ስትጫወቱ አውልቁት። እና ራሳችሁ በቢላዋ ልትከፍቱት አትሞክሩ፣ አደራ!

የኔስ ነገር?

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ በሌላ ዕቁብ ማድቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። ሰዓት ለመግዛት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ፤ ከየደመወዜ ጥቂት ጥቂት እያስቀረሁ። በ2017 ዓ.ም. ያገለገለ ሲኮ 5 አገኘሁ፤ ገንዘቡን የከፈልኩት ሽማግሌው ከፍተው፣ አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው «ይሄ ሰዓት ነው» ካሉ በኋላ ነው። ወርቃማ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ማንም «እስቲ ልየው» አላለኝም።

እናቴ ግን አየችው። በሐምሌ ዝናብ፣ አዲሱ ቆርቆሮ ከላይ እየተንጫጫ፣ ከምጣዱ ቀና አለችና «ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ። ነገርኳት። ምናልባት አንድ ደቂቃ ቀድሜ ይሆናል።

ቸር እንሰንብት!